ባሕር የሚያደላላት ጓደኛዬ ሮማን

ሮማን ሞተች ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ልመን? እሑድ ዕለት እኮ በስልክ ስትስቅብኝ ነበር!

ዛሬ ጠዋት እህቷ ሂሩት ደወለችልኝ። ስልኩን ሳነሳ ለቅሶ ነው የሰማሁት። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ባስ ውስጥ ልቧን ይዛ ወደቀች። አምቡላንስ ቢደርስም አልተረፈችም። ገና «ሞተች» ስትለኝ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ባሕር ውስጥ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እዚሁ ካምደን ነው» አለችኝ ምስኪኗ።

ለማታውቋት፣ ሮማን ካምደን በሚባለው ሰፈር መነጽር ቤት ነበር የምትሠራው። ከእኔ ጋር ደግሞ ዳይቪንግ እንሄድ ነበር። አዎ፣ ሁለት ሐበሻ ሴቶች የአየር ታንክ አዝለን፣ እዚህ እንግሊዝ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ። ዘመዶቻችን «ምን ጎደላችሁ?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ስለሷ መልካም መልካሙን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። አልሆነልኝም። የሚመጣብኝ ቅናት ነው። በሮማን እቀና ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ስልኳ ላይ እንኳን የመዘገበችኝ «ቀናተኛዋ» ብላ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ዳይቪንግ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ኮርሱ ላይ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ስትሪትሃም መዋኛ ገንዳ ውስጥ ማስክ እንዴት እንደሚደረግ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወደ ዶርሴት ባሕር ዳር መውረድ ጀመርን። እዚያ ወደ ባሕሩ የተዘረጋ የቆየ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ፒር ይሉታል። የሚጠለቀው ከሥሩ ነው። ጥልቀቱ ብዙም አይደለም፤ ምሰሶዎቹን የሸፈነው አረም ግን በሕይወት የተሞላ ነው። ሸርጣኑ እዚያ ነው፣ ከቀዳዳው ብቅ እያለ የሚያፈጥጠው ቀንዳም ትንሽ ዓሣ እዚያ ነው። ይኼን ሁሉ የማውቀው ከሮማን አፍ ነው። እኔ እወርዳለሁ፣ የማየው አሸዋና ጭቃ። እሷ ትወርዳለች፣ ሁሉንም አይታ ትወጣለች።

«የት አባቱ ነው ያየሽው? አጠገብሽ ነበርኩ እኮ!»

«ትሮጫለሻ! ረጋ በይ እንጂ፣ እነሱው ይመጣሉ።»

ይቺን «እነሱው ይመጣሉ» የምትለኝን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

የኔ ሕልም ካትልፊሽ ማየት ነው። የኦክቶፐስ ዘመድ ነው፤ ዓይናችሁ እያየ ቀለሙን ይቀያይራል። ጸደይ ላይ እንቁላሉን ሊጥል ወደዚያ ፒር ሥር ይመጣል። ስንት ጸደይ ጠበቅኩት።

አንድ ግንቦት ወረድን። የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ከርሞ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። የክለባችን ሰዎች አይተውት ካፌ ገቡ። እኔም «ካንስል እናድርገው» አልኳት።

«እስከዚህ ነድተን መጥተን? ትንሽ ቼክ አድርገን እንወጣለን።»

ገባን። እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ አይታዩኝም። ጥቂት እንደሄድን ዞር ስል ሮማን የለችም። ሕጉ፣ ጓደኛሽ ከጠፋችሽ ትንሽ ፈልጊና ወደ ላይ ውጪ ነው። ፈለግኩ። ወጣሁ። ላይም የለችም። ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ለእናቷ ምን ብዬ ልነግራቸው ነው እያልኩ እንባዬ ማስኬን ሞላው።

ከዚያ ከአንዱ ምሰሶ ጎን ብቅ አለች። እየሳቀች!

«አየሁት! ካትልፊሹን አየሁት! ጣቴን ነካኝ!»

በሕይወት ስላለች ላቅፋት፣ ስላየችው ደግሞ ላንቃት ፈለግኩ። «አንቺ ሰው አይደለሽም!» ብዬ አለቀስኩባት። ያኔ ነው የደነገጠችው። ሳቋ ጠፋ፤ «ይቅር በይኝ፣ አጠገቤ ያለሽ መስሎኝ ነው» አለች። ከዚያ «ነይ፣ እዚያው ነው ያለው» ብላ እጄን ያዘችኝ።

መልሰን ወረድን። ምሰሶው ሥር አሸዋው ላይ ተንበረከክን። እጄን አለቀቀችም። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ግራጫ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ከአሸዋው ተነሳ። ቡናማ ሆነ፣ ዥንጉርጉር ሆነ፣ ሰውነቱ ላይ እንደ ማዕበል መስመር ሮጠበት። መተንፈስ ሁሉ ረሳሁ። ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እኔን አልፎ እሷ ፊት ሄዶ ቆመ! እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ባለፈው በጋ ደግሞ ያለ እኔ ቀይ ባሕር ሄደች። ኩልል ያለ ውሃ ውስጥ ኤሊ ከጎኗ ሲዋኝ ቪዲዮ ላከችልኝ። እኔ ሼፈርድስ ቡሽ ዝናብ እየደበደበኝ ባስ እጠብቃለሁ። ላይክ ብቻ አድርጌ ዘጋሁት። ወዲያው ደውላ «ንፉግ! አንድ ቃል እንኳን?» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

አሁን እዚህ ገጿ ላይ የምትጽፉላትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። አብሯት ያደገ አለ፣ አብሯት የተማረ አለ። በእናንተም ቀናሁ። የክለባችን አንዷ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አብራት እንደጠለቀች፣ ውሃው እንዴት ጥሩ እንደነበር ጽፋለች። እኔ ያን ቀን ሥራ ነበርኩ። በሷ የቀናሁትን ቅናትስ ተዉት።

ለቅሶው ሂሩት ቤት ነው። የምትችሉ ኑ፤ ብቻዋን እንዳትሆን።

ሮሚዬ፣ የፊታችን ቅዳሜ ውሃው ይጠራል ብለዋል። ልገባ ነው። ምናልባት አንቺ በሕይወትሽ ያላየሽው ነገር ለኔ ይመጣልኝ ይሆናል፤ ተራው ያንቺ ይሆንና አንቺ ትቀኚብኛለሽ።

እኔ ግን ይኼን ተራ አልፈለግኩትም። አንቺ አይተሽ፣ እኔ በቅናት ብቃጠል ነበር የሚሻለኝ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።