አመዱ የጠቆረበት ቦታ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ ስለማላውቅ አጀማመሩም ግራ ገብቶኛል። ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ባጃጅ ውስጥ ቤንዚን ሲሸተኝ አያቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ አሮጌው የውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ያልቅበት ነበር። ሽንኩርታችን ሊደርቅ ሆነ። ሞተሩን በጨርቅ ወለወሉና አመድ ነሰነሱበት።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አመዱ ቀድሞ የሚጠቁርበትን ቦታ አሳዪኝ። የቤንዚኑ ሌባ እሱ ነው» አሉኝ።

ከቤንዚን መያዣው ሥርም፣ ቱቦው ሞተሩ ውስጥ ከሚገባበትም አመዱ እኩል ጠቆረ። አንዴ ይኼ፣ አንዴ ያ አልኳቸው።

«ሌባው መንታ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሌላ ቱቦ ሊገዙ ገበያ ሄዱ፤ እዚያው ታመው አረፉ። የቱ እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲሄዱ ግን እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

«አመዱን እያየሽ ቆዪኝ፤ መጣሁ።»