ከሎሚው ሥር ያለው ቆዳ

ወልድያ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሽቶ እቀምማለሁ። እቀምማለሁ ስላችሁ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እንዳይታያችሁ። ያለኝ አንድ መደርደሪያ የሽቶ ዘይት፣ አንድ መርፌው የወለቀ ስሪንጅ፣ ክምር ባዶ ብልቃጥና አፍንጫዬ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሚስክና ዑድ የሚፈልጉ ይመጣሉ። በሌላው ቀን ወጣቶች ስልካቸው ላይ የብልቃጥ ፎቶ እያሳዩ «ይህን የመሰለ አለህ?» ይሉኛል። አለኝ እላለሁ። ፎቶ ስለማይሸት ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ግን አሮጌው የወንድ የሎሚ ሽቶ ነው። ፀጉር አስተካካዮች ምላጭ ያለፈበትን አንገት ጠፍ ጠፍ እያደረጉ የሚቀቡት፣ ሰውን ዓይኑን የሚያስጨፍነው፣ የእኛ አባቶች ዘመን ሰው ሽቶ ሲባል ከሱ ሌላ የማያውቀው። ከላይ ሎሚ፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሥሩ ሣር ሣር የሚል ነገር። ጥሩ ሽቶ ነው፤ ችግሩ አይቆይም። ጠዋት የተቀባው ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ ጥሎት ይሄዳል።

ታናሽ ወንድሜ ሠርጉ ሲቃረብ ወደ ሱቄ መጥቶ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ሲሪንቃ የሚኖር ደመወዝተኛ ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጫማው ተወልውሎ፣ ንግግሩም እንደዚያው ተለክቶ ነው የሚወጣው። የሚያገባት የአንድ የወልድያ እህል ነጋዴ ልጅ ነች። ነጋዴው መካ ደርሰው የመጡ፣ ሁሉም ሐጂ የሚላቸው፣ ሲስቁ ብቻቸውን የሚስቁ ሰው ናቸው።

ወንድሜ በሩን ገርበብ አደረገና «ከባድ አድርገህ ቀምምልኝ። ለአባ ነው» አለኝ። «የሱን ሽታ እንዲያጠፋልኝ ነው።»

አባታችን መርሳ ውስጥ ቆዳ ፋቂ ነው። የእኛ የሐብሩ ወረዳ ሰው በአባቴ አንቀልባ ልጁን ያዝላል፣ በአባቴ መጫኛ ግመሉን ይጭናል፣ በአባቴ አጎዛ ላይ ተደፍቶ ይሰግዳል። ከአባቴ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ልጁን ለአባቴ ልጅ ከመዳር ደግሞ እቤቷ ብታረጅበት ይሻለዋል። ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ። ስልኩ ተለውጧል፤ ሰዉ ሠርግ ሲደርስ ዛሬም ዘር ያጣራል። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ ሽማግሌ ሲልክ «አባቱ መርሳ ብርቱካን ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ አሟቸዋል፤ ከቻሉ ለሠርጉ ይመጣሉ» አስብሎ ነበር።

«ሽታው ከጠፋ አባቴ ነው ብዬ ሐጂ ጎን አስቀምጠዋለሁ» አለ። «ካልጠፋ እንዳመመው ይቅር።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው። ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ብልቃጥ ፊቱ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። አባቴ የሠርጉን ወሬ ከሰማ ወዲህ መርሳ ገበያ ያገኘውን ሁሉ፣ ሰላምታውን የማይመልስለትን ሳይቀር፣ «ልጄን ልድር ነው» ይል ነበር። ኮት አስለክቶ ነበር። በዕድሜው የለመነው አንድ ነገር ቢኖር በልጁ ሠርግ አባት ተብሎ መቀመጥ ነው። ያንን ደግሞ ወንድሜ በአፍንጫ ላይ አንጠልጥሎ አመጣልኝ።

በመጀመሪያ የታዘዝኩትን ሞከርኩ። መርሳ ወርጄ አባቴን ከሎሚው ሽቶ በጠንካራው አጥቤው መጣሁ ብል ይቀላል። ትንሽ ጊዜ ሎሚ ሎሚ አለ። ሻይ ቀድቶልኝ ጠጥቼ ሳልጨርስ ቆዳው ከሥሩ ብቅ አለ፤ ይባስ ብሎ ጠርቶና ጎልቶ ወጣ። ዕድሜ ልክ ቆዳ ማልፊያ እምቧይና ጥሬ ሌጦ ሲያሽ የኖረ እጅ በሎሚ አይታጠብም። ሽታው ጥፍሩ ውስጥ፣ ጢሙ ውስጥ፣ ጀርባው ላይ ነው ያለው።

ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከአባቴ ወደ እኔ ተጋብቶ ነበር። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሽታውን ማጥፋት ካልተቻለ ሽቶ ማድረግ ይቻላል። ሎሚውን ከላይ እንዳለ ትቼ ከሥሩ ቆዳ ባስገባበት፣ ሙሽራውም ሚዜውም አጃቢውም ሁሉ እሱን ቢቀባ፣ አባቴን ከሌላው ማን ይለየዋል?

ከመርካቶ ያስመጣሁት ቆዳ የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ነበረኝ። እሱ የሚሸተው የአዲስ መኪና ወንበር ነው። የሚያስፈልገኝ የአባቴ ቆዳ ነበር። መርሳ ተመልሼ ቁርጥራጭ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ለሠርጉ ሽቶ ልሠራበት ነው» አልኩት።

«በቆዳ? በኔ ቆዳ?» እጁን ከቆዳ መዘፍዘፊያው ገንዳ አወጣ። «ማን አዘዘህ?»

«ሙሽራው ነው።»

ፊቱ ሲበራ እያየሁ ቀሪውን መናገር አቃተኝ። ልጁ በእጅ ሥራው ኮርቶ በሠርጉ ሊቀባው የፈለገ መሰለው። ቁርጥራጩን ከክምሩ አልሰጠኝም፤ ለራሱ ያስቀመጠውን፣ እንደ ሻሽ የለሰለሰ የግልገል ፍየል ልፊ ቆዳ አውጥቶ «ለሱ ይህ ነው የሚሆነው» አለና በቢላዋ ቀደደው።

ቆዳውን በቀጭኑ ከትፌ፣ ሽታ በሌለው ዘይት ዘፍዝፌ፣ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከትቼ ቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ አወጣሁት። መጀመሪያ የዘነበበት ፍየል ሸተተ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ጭስ ጭስ፣ ደረቅ እንጨት እንጨት ማለት ጀመረ፤ ቆይቶ ደግሞ ጣፈጠ። ሎሚና ቆዳ ግን እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ብልቃጥ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጡ። ያስታረቃቸው ጠጅ ሣር ነው። ሎሚም ሣርም ስለሚሸት አንዱን ጫፍ ሎሚው ያዘው፣ ሌላውን ቆዳው። መጀመሪያ ያ የምናውቀው የአባቶች ሎሚ ይመጣል፤ እሱ ሲሸሽ ቆዳው ሞቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይወጣና እዚያው ይውላል። በሥራ ዘመኔ እንደሱ ያለ አልቀመምኩም።

ወንድሜ የእጁ አንጓ ላይ አስነክቶ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ የውጭ ነው!» አለ። «ከየት አመጣኸው?»

አላወቀውም። ያደገበትን ሽታ፣ ትምህርት ቤት ልጆች ከወንበር ያስነሱበትን ሽታ፣ አንገቱ ላይ እያሸ ሁለተኛ ብልቃጥ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አንተ ካልተናገርክ ማንም አያውቅም» ብሎ ለሚዜዎቹ ሁሉ አዘዘ።

በእኛ አገር ሙሽራ የሴቷ ቤት ሲደርስ ልጃገረዶች በር ይዘው አናስገባም ይላሉ። ሚዜዎች ሽቶ እየረጩ ነው የሚገቡት፤ በሩን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የሙሽሪትን ዘመዶች። ሽቶ የሰሰተ ሚዜ ስሙ ሲነሳ ይኖራል። የወንድሜ ሚዜዎች አልሰሰቱም። ሐጂ ግቢ ሲገባ ድንኳኑ፣ መጋረጃው፣ የሴቶቹ ሻሽ ሳይቀር ሎሚና ቆዳ ሆነ። አባቴ አዲሱን ኮቱን ለብሶ መሃል ገባ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሃል ቆሞ ከሰው የተለየ ሽታ አልነበረውም። ማንም ፈቀቅ አላለም። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው ሦስት ጊዜ ሳሙት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የሎሚው ነው ብዬ ጠረግሁት።

ትልልቅ ሰዎች ከተቀመጡበት ክፍል አስገቡን። አባቴ ከሐጂ አንድ ሰው አልፎ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ፤ ወንድሜ ከፊት ለፊታችን ከሚዜዎቹ ጋር። ገና ማን ማን እንደሆነ አልተዋወቅንም። ገበታው ቀርቦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ወንድሜ «አባቴ እኒህ ናቸው» ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። በዚህ ልንሳሳት አይገባም፤ ሊለው ነበር።

ሐጂ ቀደሙት። የጋቢያቸውን ጫፍ አሸተቱና «ሎሚው የድሮው ነው፤ አውቀዋለሁ» አሉ። «ከሥሩ ያለችው ግን ምንድን ናት? ደስ ትላለች።»

«ቆዳ ነው፣ ሐጂ» አለ አባቴ።

ሁሉም ወደሱ ዞረ። እሱ ዓይኑ ልጁ ላይ ነው፤ ፈገግ ብሏል።

«የግልገል ፍየል ነው፤ በዚህ እጄ ነው ያለፋሁት። ለሠርጉ ማስታወሻ ይሁን ብለው ነው ያስገቡት።» እጁን አንስቶ አሳያቸው። ጥፍሩ በእምቧይ ጠቁሯል።

ከግራው የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን ሰበሰበ። አንድ ሌላ ሊጎርስ የጠቀለለውን መልሶ ገበታው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እጅ የሰደደ የለም።

«አንቱ የማን ወገን ነዎት?» አሉት ሐጂ በትሕትና።

አባቴ ክብሩን ለልጁ ትቶ፣ ፈገግታውን ሳያጥፍ፣ ወንድሜን ተመለከተ። ወንድሜ ወደ ገበታው እያየ እንዲህ አለ፦

«ለወንድሜ ሱቅ ቆዳ የሚያመጡ ሰውዬ ናቸው። ከመርሳ ነው የመጡት። አባቴማ አሟቸው ቀርተዋል።»

አፌን ስከፍት የአባቴ እጅ ጉልበቴን ጨምቆ ያዘኝ። ያ እጅ በሬ የሚያህል ቆዳ የሚጠመዝዝ ነው፤ አጥንቴን ያደቀቀው መሰለኝ።

«አዎን፣ ደንበኛ ነኝ» አለ አባቴ። «ሞኝነቴ ነው፤ ግርግሩ ወስዶኝ ከታላላቆች መሃል ገባሁ። አፉ በሉኝ።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «መልካም ጋብቻ ያድርግልዎ፣ ጌታው። ወላጅዎንም አላህ ያሽርልዎ።»

ኮቱን ሰብስቦ፣ የማንንም ልብስ ላለመንካት ተጠንቅቆ እየተራመደ ወጣ። ፋቂ የሚበላበትን ቦታ አስተናጋጅ ሳያሳየው ያውቀዋል።

ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት። አሁንም እጠላዋለሁ። ከሱ ይልቅ የጠላሁት ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ገበታው ተነስቶ ሌላ ሲቀርብ፣ ሰዉም ወደ ወሬው ሲመለስ፣ ሐጂ ወንድሜን ወደ ጎናቸው ጠርተው እጃቸውን ማጅራቱ ላይ አሳረፉ። ቅርብ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«መርሳ ሰው ሳልልክ ልጄን የምሰጥ መስሎሃል?» አሉት። «አባትህን ገና ሽማግሌ የላክህብኝ ሳምንት ነው ያወቅኋቸው።»

ወንድሜ ቀና ሊል ሲሞክር እጃቸው ማጅራቱን አልለቀቀም።

«አትደንግጥ። ልጅቷ ወዳሃለች፤ ሥራም አለህ። እኔ የፈራሁት እሳቸው አማች ነኝ ብለው ቤቴ እንዳይመላለሱ፣ የልጅ ልጆቼን እያቀፉ ገበያ እንዳያዞሩብኝ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ አንተን ማዘዝ አልችልም። ራስህ ማድረግ ነበረብህ።» ማጅራቱን መታ መታ አደረጉለት። «አደረግኸው። አሁን የእኛ ልጅ ነህ።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሐጂም ብቻቸውን ሳቁ።

ከሁሉም ወጥ በሳህን አስጨምሬ ወጣሁ። አባቴ ከድንኳኑ ጀርባ፣ የማገዶ እንጨት ከተከመረበት ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን አውልቆ፣ ገልብጦ አጥፎ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። አጠገቡ ተቀምጬ ሳህኑን መሃላችን አስቀመጥኩት። አልነካውም። ግራ ቀኝ አይቶ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሳላስበው እኮ ነው የቀባጠርኩት» አለኝ። «ጠረጠሩ? አባቱ መሆኔን አወቁበት?»

ከውስጥ የሐጂ ሳቅ ይሰማል።

«አላወቁም፣ አባ» አልኩት። «ማንም አላወቀም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ።