አፍንጫዬ የለየው ዊስኪ

ዘመሮ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት የውጭ መጠጥ ማስገባት በጀመረች ሰሞን፣ ካናዳ ውስጥ ዊስኪ ፋብሪካ ለብዙ ዓመት የሠሩ አንድ የራቤል ከተማ ተወላጅ ለአባታቸው ተዝካር መምጣታቸውን ሰማች። ሄዳ ለመነቻቸው። አንድ ጠዋት ሊያስተምሩን እሺ አሉ።

ቀኑ ዓርብ ሆነ። ባርማኑ፣ ሁለት አስተናጋጆችና እኔ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን፤ ባለቤቷም ከጎናችን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰውየው ከካናዳ ያመጧቸውን ሦስት ጠርሙሶች ሲደረድሩ ጨነቀኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ጾም የምፈታው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባሸት ብቻ አይበቃም?" አልኳቸው።

ባርማኑ ሳቀብኝ። "ሳይቀመስ ምን ትምህርት አለ? ሄደሽ ብርጭቆ እጠቢ።"

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ እሳቸው። "እኛም ፋብሪካ ውስጥ ከምንቀምሰው የምናሸተው ይበልጣል።"

ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። የበቆሎውን ለብቻ፣ ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ እህል ለብቻ ያወጡና በእንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስተኙታል፤ በኋላ ይቀላቅሉታል። አብዛኛው በቆሎ ሆኖ ሳለ የካናዳ ሰው መጠጡን "ራይ" እያለ ይጠራዋል። አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ መክተት ስህተት ነው፤ አፍን ገርበብ አድርጎ ከጠርዙ ላይ ማሽተት ነው። ጠብታ ውሃ ሲጨመርበት ሽታው ይፈታል። በቆሎው እንደ ማር ለሰለሰብኝ፤ ራዩ ግን እንደ ቁንዶ በርበሬ አፍንጫዬን ነካ አደረገው። ደስ አለኝ። እናቴ አረቄ አውጪ ስለነበረች ያደግሁት ከጋኑ ሥር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን አራት ብርጭቆ ቀዱ። "የትኛው ምን እንደሆነ ንገሩኝ" አሉ። ባርማኑ አራተኛውን ጨልጦ፣ "ይኼ ነው ምርጡ! ራዩ የበዛበት" አለ። ሁለቱም አስተናጋጆች ተስማሙ።

እኔ አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ።

"ራይ የበዛበት ሁለተኛው ነው። አራተኛው ግን ዊስኪ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አረቄ ነው፣ ጋሼ። በተቃጠለ ስኳር ቀለም ተሰጥቶታል። ጌሾው ይሸተኛል።"

ሰውየው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። ባለቤቷ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ነጋዴ በካርቶን የገዛችው "የካናዳ ዊስኪ" ነበር። "ትናንት ስታሳየኝ ጠርጥሬ ነበር" አሏት። "ይቺ ልጅ ግን ሳትቀምሰው አወቀችው። እንዲህ ያለ አፍንጫ ፋብሪካችንም ውስጥ ብዙ የለም!"

ባለቤቷ ብድግ ብላ አቀፈችኝ። ካርቶኑ ያንኑ ቀን ለነጋዴው ተመለሰ።

ማታ ባርማኑ ብርጭቆ ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ "እንዴት እንደምታሸቺ አሳዪኝ እስቲ" አለኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ አዲስ አቅራቢ ናሙና ይዞ ገባ። ባለቤቷ ጠርሙሱን ተቀብላ አልከፈተችውም። ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ቆይ" አለችው፤ "መጀመሪያ እሷ ታሽተው።" ትሪዬን አስቀምጬ፣ ቀና ብዬ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ።