አባቴ ያልጠራው ስሜ

አባቴ እምሩ አራዳ ገበያ አፋፍ ላይ በርኖስ ሰፊ ነበር። ጸሎተኛነቱን የማያወራ የሰፈር ሰው አልነበረም። ጠዋት ወደ ሥራው ከመውረዱ በፊት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቆማል፤ እኛ ከኋላው እንሰለፋለን። የእናቴን የአልጋነሽን፣ የእህቴን የየሺዓለምን የክርስትና ስም እየጠራ "ጠብቅልኝ" ይላል። እግዚአብሔር ሰውን የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እኛም እንደዚያው። የእኔን ግን ጠርቶት አያውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላው ቆሜ፣ ዛሬስ ይጠራኝ ይሆን እያልኩ ጠብቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ልራራለት ብዬ አይደለም።

ነገሩ የተነሣው እኔ ሳልወለድ ነው። ፀሐዬ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ጠፋብኝ ብሎ ወንድሜን ፍቅሬን ከሰሰው። ዳኛ ፊት መስቀል ይዞ፣ "ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ማለ። ፍቅሬን ገበያው መሀል አርባ ጅራፍ ገረፉት። በወሩ ጣቃው እዚያው ፀሐዬ ቤት ከጆንያ ሥር ተገኘ። ያገኘው ተሸካሚው ሽኩር ነው። ፀሐዬ "አፍህን ያዝ" አለው እንጂ ወደ ዳኛው አልተመለሰም። ሽኩር ለአባቴ በጓሮ ነገረው፤ መመስከር ግን ፈራ። ፍቅሬ ያን ጊዜ በገበያተኛው ፊት ቀና ብሎ መሄድ አቅቶት ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ጅማ ወርዶ ነበር። ጊቤ ላይ ወባ ገደለው።

ከዚያ ወዲህ የአባቴ ጸሎት ተለወጠ። የእናቴንና የእህቴን ስም ለብ ለብ አድርጎ ይጠራና ወደ ዋናው ጉዳዩ ይገባል። "ደጁን ክፈትና ሞትን አስገባበት። የልጄን ጀርባ በልጁ ጀርባ አሳየው" ይላል። ድምፁ የሚሞቀው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። አንድ ነገር ግን ያንገበግበው ነበር፤ የፀሐዬን የክርስትና ስም አያውቅም።

"አራዳ ውስጥ ስንት ፀሐዬ አለ? በማያውቀው ሰው ላይ ቢወርድስ?" ይል ነበር።

ስሙን ያልፈለገበት ቦታ የለም። ከፀሐዬ ሚስት ጋር የምትውል ጠላ ሻጭ አባብሏል፤ የፀሐዬን የነፍስ አባት ጠጅ ጋብዟል። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ በሰማንያ ቀኔ ጊዮርጊስ ክርስትና ስነሣ አባቴ አልነበረም። ፀሐዬን ክርስትና ያነሡት ቄስ እንጦጦ አሉ ሲባል ሰምቶ፣ በዚያው ጠዋት በቅሎ ተውሶ ወጥቶ ነበር። ቄሱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተመለሰ፣ ከድግሱ በላ፣ ተኛ። ልጄ ማን ተባለች ብሎ አልጠየቀም።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። "ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሲቆይ ደግሞ እልህ ያዘኝ" አለችኝ። እልህ ለቤታችን ሰው ብርቁ አይደለም።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ፀሐዬ ሞተ። በእርግማን አይደለም፤ አርጅቶ፣ ጠግቦ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። አባቴ እኔን አስከትሎ ቀብር ሄደ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ለምን እንደሚሄድ ገርሞኝ ነበር። ፍትሐቱ ላይ ቄሱ "የባሪያህን የኪዳነማርያምን ነፍስ" ሲሉ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ኪዳነማርያም" አለ ቀስ ብሎ። ያን ሁሉ ዓመት ያደነውን ስም ያገኘው ሰውዬው እርግማን ከማይደርስበት ሲገባ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ በልቤ ሳቅኩበት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳችን ተሰለፍን። የእናቴን ስም ጠራ፤ የየሺዓለምን ጠራ። ከዚያ የሚረግመው ሰው አጣ። ወደ እኔ ዞረ። ገና ዛሬ የተወለድኩ ይመስል አየኝ።

"አይናዲስ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?"

"የፀሐዬን በቀብሩ ሰሙ፤ የእኔንም በቀብሬ ይስሙት" አልኩት።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። ልትደግመኝ ስትል አባቴ እጇን ያዘ። "ተያት፤ የሥራዬን ነው። ከሌላ ሰው አልጠይቅም፤ እሷው ስትምረኝ ትንገረኝ" አለ።

እኔም በልቤ ፈረድኩበት። አሥራ ሦስት ዓመት አስጠብቆኛል፤ አሥራ ሦስት ዓመት ይጠብቅ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የየሺዓለምን ስም ጠርቶ ያቆማል፤ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። እኔ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬቱን አያለሁ። "ትንሿንም" ይልና ያማትባል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል። ተድሬ ውቤ በረሃ ከገባሁ በኋላ እንኳ እሑድ እሑድ የምመጣው፣ ሲጠብቅ ለማየት ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት ደረቱን ታመመ። መቆም ስላልቻለ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረን አስተኛነው፤ እንደዚያው ሆኖ ጸለየ። የእናቴን ጠራ። የየሺዓለምን ጠራ። አቆመና በዓይኑ ፈለገኝ። ስሜ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ገና አራት ዓመት ይቀረዋል ብዬ መልሼ ዋጥኩት።

"ትንሿንም" አለ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ጊዮርጊስ ቀበርነው። ቀባሪው ሁሉ ሲበተን አፈሩ ላይ ተደፍቼ ስሜን ነገርኩት፤ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ደጋገምኩት። እናቴ ጎትታ አነሣችኝ። በፀሐዬ ቀብር ላይ በአባቴ የሳቅኩበት ተረት ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳወልቅ ነው።