ቀን ቀን የሚዘጋው መጋረጃ

ያለፈውን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የመጋረጃ ቀለበቶች በብረት ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ከባለቤቴ ከጌታነህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ከሃቫና ስትሪት ሱቆች ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝተን ተመልሰን፣ እኔ ዕቃውን ሳስቀምጥ እሱ እንደ ልማዱ የሳሎኑን መጋረጃ ከፈተ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሄጄ ዘጋሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ የኮሎራዶ ፀሐይ ምን አደረገችሽ?» ብሎ ሳቀ። ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ ገባ፤ አልተነሣም።

ቀን መጋረጃ መዝጋት ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ ከአሰብ ወደብ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ጠባቂ ነበር። ማማውን ጣልያኖች በገዙበት ዘመን፣ መርከቦቻቸው በደሴቶቹ መሐል ሲያልፉ ከድንጋይ ጋር እንዳይላተሙ ያቆሙት ነው። ከላይ፣ መብራቱን የከበበ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወፍራም መስታወት ነበረ፤ ጨለማ ሲሆን የላምባውን ብርሃን ሰብስቦ ሩቅ ይልካል፣ ቀን ከተጋለጠ ግን ፀሐይዋን ሰብስቦ መልሶ መብራቱን ያቃጥላል። ስለዚህ አባቴ ጎሕ ሲቀድ መብራቱን አጥፍቶ ዙሪያውን በመጋረጃ ይሸፍን ነበር፤ የናሱን ቀለበቶች ድምፅ ስሰማ ነጋ እል ነበር።

በነፋሱ ወራት ጀልባ እየራቀን፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻችንን እንሰነብት ነበር። የምጫወተው ከራሴ ጋር ነበር። ነፋሱ ሲበርድ አባ ሑመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ በየሳምንቱ በጀልባቸው የሚጠጣ ውሃ ያመጡልን ነበር፤ ገና ከባሕሩ ላይ ሆነው «እንዴት ዋልክ፣ ጠርሙስ አጣቢው?» ብለው ይጮኻሉ፣ አባቴም መስታወቱን የሚወለውልበትን ጨርቅ እያራገበ «ባላጥበው በየት በኩል ይመጡ ነበር?» ይላቸዋል።

«እኔ? እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ ነው የምጠራው!»

በወጣትነታቸው የመርከብ መሪ ነበሩ። መርከቦች በድንጋዮቹ መሐል መንገድ እንዲያሳዩአቸው ከደሴቶቹ ውጭ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር፤ ማማው ከቆመ በኋላ ግን የጠራቸው የለም። «ሲሠሩት ድንጋይ ተሸክሜያለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «እንጀራዬን የሚወስድብኝን ነገር በገዛ ትከሻዬ አወጣሁት።»

ደጋው አገር ክረምት ሲሆን እኛ ዘንድ ሙቀቱ እሳት ነበር። በዚያ ወራት እናቴ ታመመችና በወደቡ ጀልባ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ትመለሳለች በተባለበት ቀን፣ አባቴ የሌሊቱን እንቅልፍ ሲያካክስ፣ እኔ ወደ ማማው ወጥቼ በአሰብ በኩል ያለውን መጋረጃ ከፈትኩ። ጀልባ አልታየኝም። ከታች ይሻላል ብዬ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጥኩ፤ መዝጋቱን ረሳሁ።

የላምባ ጭስ ሲሸተኝ ዞር አልኩ። አባቴ አሸዋ በባልዲ ይዞ ሲሮጥ አየሁ። እሳቱ ጠፋ፤ መብራቱ ግን ቀልጦ ተጣሞ ነበር። ፀሐይ ልትገባ ነው፣ የወደቡ ጀልባ ነጂ አዲስ ነው፣ ከመብራቱ በቀር መንገድ አያውቅም፤ እናቴ ደግሞ እዚያ ጀልባ ላይ ናት። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ቀን ውሃ አምጥተው የነበሩት አባ ሑመድ «ተነሥ፣ ጠርሙስ አጣቢ!» አሉት። «መርከብ እኮ ያለ ጠርሙስም ይመጣ ነበር። ፋኖስ ስጠኝ።»

ፋኖሱን የጀልባቸው ምሰሶ ላይ አስረው ሄዱ። እኛ ዳር ቆመን ያቺን ትንሽ ብርሃን ስትርቅ አየናት፤ ቆየችብን፤ ከዚያ ቀስ እያለች፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈች፣ ከኋላዋ ሌላ ጀልባ አስከትላ ተመለሰች። አባ ሑመድ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። እንደዚያ ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

እናቴ ከወረደች በኋላ «እኔ ነኝ የከፈትኩት» አልኩ።

«ማንን ልታዪ?» አለ አባቴ።

«እማን።»

በማግስቱ የወደቡ ሰዎች አዲስ መብራት ይዘው መጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጎሕ ሲቀድ እየቀሰቀሰ መጋረጃውን እኔን ያስዘጋኝ ነበር።

እዚህ ዴንቨር የምንኖረው ሴንትራል ፓርክ፣ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ የነበረበት ሰፈር ነው። አውሮፕላኖችን ይመራ የነበረው ማማ እስካሁን ከመስኮታችን ፊት ለፊት ቆሟል፣ አሁን የሚጠይቀው አውሮፕላን ባይኖርም። ጌታነህ «ነይ እይው፣ የአባትሽን ቤት» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን መጋረጃ እየዘጋሁ ስንት ዓመት ደህና አድርጌ ሳላየው ኖርኩ። ያኔ መጋረጃ የከፈትኩት የምትመጣ እናት ስለነበረችኝ ነው። ዛሬ ከመስኮቱ በኩል የሚመጣልኝ የለም።

ያም ሆኖ አሁን ጠዋት ተነሥቼ እንደ ጌታነህ ልማድ መጋረጃውን እከፍታለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ፀሐይዋ ወንበሩን አልፋ እስክትሄድ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል እቀመጣለሁ።