የላይኛው አገር ዝናብ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ፍተሻ» ይላታል። ምንም ዕቃ ሳትገለብጥ አትገዛም፤ ልብስ ከሆነ ስፌቱን በውስጥ በኩል ታያለች፣ ድስት ከሆነ ቂጡን። ሳትገለብጥ ያገባችው ባሏን ብቻ ነው፤ ይህንንም እየሳቀች የምታወራው ራሷ ናት።

ባሏ አሸዋ አውጪ ነው። ከቤታቸው ቁልቁል ያለው ወንዝ በበጋ ሲደርቅ እሱና ባልንጀሮቹ መሀሉ ገብተው ይቆፍራሉ። ዐምና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ድንገት ደረሰባቸው። ሰውየው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ፤ አካፋውና ጫማው ግን እንደወጡ ቀሩ። ቤት ሲገባ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ውሸት ነው፤ እኔን ሳያስቀኝ ሊወስደኝ ነበር» ብሎ ቀለደ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ እሱ ወደ ወንዙ በወረደ ቁጥር ልቧ አብሮት ይወርዳል።

ወንዙ የሚነሳበት ከተማ የራሱ የራዲዮ ጣቢያ እንዳለውና ስለ ዝናቡ እንደሚናገር ከአንዲት ደንበኛዋ ስትሰማ፣ ባሏን አስከትላ ራዲዮ ልትገዛ ሄደች።

ሰውየው ሱቁ ውስጥ እንደገባ ከዘፈኑ ጋር መብራቱ የሚጨፍረውን አዲሱን ራዲዮ አነሳና በእጁ መዘነው። «ይሄ ነው! ክብደቱን አየሽው?»

«ወንድሜ፣ ይሄ የላይኛውን አገር ይስባል?» አለች ባለ ሱቁን።

«እህቴ፣ የእኛን ከተማ ጣቢያ በሙሉ ኩልል አድርጎ ነው የሚያሰማሽ።»

«የከተማውን ምን ላድርገው? እዚህ ሲዘንብማ በመስኮት አየዋለሁ።»

ባለ ሱቁ ራሱን እያከከ ከላይኛው መደርደሪያ ጎኑ በፕላስተር የተጣበቀ አሮጌ ራዲዮ አወረደ። አንድ ሐሙስ የቀረው ይመስላል። «ሩቅ የሚስበው ይሄ ነው። መልኩን ግን አትይው» አላት።

እሷ መቼ መልክ ታያለች? ገለበጠችው፤ ጀርባውን አስከፈተችና ልክ እንደ ስፌት አንድ በአንድ መረመረችው። ከዚያ ማዞሪያውን ቀስ እያለች አዞረች። ሿ ከሚለው ድምፅ መሀል አንዲት ሴት የላይኛውን ከተማ ስም ጠርታ «ነገ ደመናማ ይሆናል» አለች።

«ይሄን ስጠኝ።»

«አንቺ ሴትዮ! ሰው እያየኝ ይሄን ልሸከም?»

«በጨርቅ እጠቀልልልሃለሁ።»

ቤት ሲደርሱ ግን በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሿ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። «ዘይት ሲንጣጣ የሚያሰማ ራዲዮ ገዛሽልን» አለ ባሏ። እንባዋ መጣ። ሱቁ በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ ድምፁ መግቢያ እንዳላጣ የገባት ኋላ ነው። ደጅ የተወጠረውን የልብስ ማስጫ ሽቦ ጫፉን በመስኮት አስገብታ አንቴናው ላይ ጠመጠመችው። ያቺ ሴትዮ ወዲያው መናገር ጀመረች። ከዚያ በኋላ የታጠበ ልብስ አጥር ላይ ተሰጣ፤ ሽቦው የራዲዮ ሆነ። ባልና ሚስቱም ተስማሙ፦ ስልክ እዚያ ወንዙ ጉድጓድ ውስጥ ስለማይሠራ፣ ክፉ ወሬ ከተሰማ እሷ አፋፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታውለበልባለች።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ያቺ ሴትዮ «ከንጋት ጀምሮ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው፤ በታች ያላችሁ ከወንዙ ውጡ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ቀይ ጨርቅ ልትፈልግ አልቆመችም። እጇ ላይ የነበረውን፣ አንድ እጅጌ የቀረውን የደንበኛ ቀይ ቀሚስ ይዛ ወደ አፋፉ እግሬ አውጪኝ አለች።

«ውጡ! አፈር ስሆን ውጡ!»

«ሰማዩ ላይ የዝንብ ክንፍ የምታክል ደመና የለችም እኮ!» አለ አንዱ ከታች።

ባሏ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ወንዙንስ እችለው ይሆናል። እሷን ግን አልችላትም» ብሎ ሽቅብ ወጣ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

ጥላ ሥር ተቀመጡ። ምንም የለም። በራዲዮው ፕላስተር ቀለዱ፣ ባለ አንድ እጅጌውን ቀሚስ ማን እንደሚለብሰው ተወራረዱ። እሷ ፊቷ ቀላ፤ በልቧ ግን «ውሸት ይሁንና እኔው ልፈር» ትል ነበር።

ከዚያ መሬቱ አጉረመረመ። የደፈረሰው ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣና ሲቆፍሩት የዋሉትን ጉድጓድ ሞላው። የሚቀልድ ጠፋ። እሷ ባሏን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው፤ ጫማውም፣ አካፋውም፣ እሱም አሉ። እፎይ አለችና እዚያው ቁጭ ብላ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጨርቁን በእንባ ስላበላሸችው ደንበኛዋ ኋላ ብትቆጣም ግድ አልሰጣትም።

ውሃው ጎድሎ አሸዋው ዳግመኛ ሲታይ፣ ባሏ ጫማውን ሊያጠልቅ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱን አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«ሴትዮዋ ዛሬ ምን ትላለች?»

ጠይቋት አያውቅም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማዞሪያውን ነካ አደረገችና አዳመጠች።

«ፀሐይ ነው አለች» አለችው። «ሂድ።»

ከዐምና ወዲህ «ሂድ» የሚለው ቃል ካንጀቷ የወጣው ያን ቀን ነው።