ያልጻፍኩት ስም

ባለፈው ሳምንት ሚዛን ከተማ የእትዬ አስካለን ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ፣ አስተናጋጆቹ ትኩስ ጎደሬ በእርጥብ የኮባ ቅጠል ላይ አድርገው አቀረቡልኝ። ቅጠሉ በእንፋሎቱ ሲለበለብ የሚሰጠው ሽታ ሳልፈልግ ወደ ኋላ ወስዶ፣ ከቴፒ ወጣ ብላ ካለችው የልጅነት መንደሬ ጣለኝ። አጠገቤ ያሉት፣ ሟቿ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሰው ሰብሳቢ፣ የደቦው እናት እንደነበረች እየተቀባበሉ ያወራሉ። ለቅሶ ቤት ነውና ወደ ጎደሬዬ አቀረቀርኩ።

ደቦው መልካም አልነበረም አልልም። ከጥላው ዛፍ ሥር የቡናው አረም ወገብ ሲደርስ ሁላችንም ገጀራና ማጭድ ይዘን፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ እንመነጥራለን፤ ሸኮው በቋንቋው ያዜማል፣ ካፋው በራሱ ይቀበላል፣ ከሰሜን የመጣው ደግሞ ቃሉን ሳያውቀው ከሁሉ በላይ ይጮኻል። እናቴ ባዩሽ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች፤ ጭቃ ሲያቦካ የኖረ ክንድ አይደክመውም። ምሳ ሲደርስ ግን ሸክላ ሠሪ ናትና ለእሷና ለእኔ አጥሩ ሥር ለብቻችን ቅጠል ይነጠፍልናል፤ የሚጠጣው ቦርዴም ከቤታችን ይዘነው በሄድነው ቅል ይቀዳልናል። ወጡ የተሠራው እናቴ በሠራችው ድስት ነው። ድስቱ እትዬ አስካለ ጓዳ እንደ ልቡ ይገባል፣ ሠሪዋ ደጅ ትቀራለች። እኔን ያስቀኝ ነበር፤ እናቴ ግን አትስቅም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የፕሮጀክት ሰው በሞተር ብስክሌት መጣ። በማኅበር ሆነው አብረው ለሚሠሩ ሰዎች የተሻሻለ የቡና ችግኝ ይሰጣል አለና የማኅበሩን አባላት እንድናስመዘግብ ጠየቀ። እትዬ አስካለ ስም እንድትጠራ፣ የእጅ ጽሑፌ ያምራልና እኔ እንድጽፍ ተደረገ። ለሰውየው ማኅበር ማለት አብሮ የሚሠራ ነበር፤ በእኛ መንደር ግን ማኅበር ማለት አብሮ የሚበላ፣ ከአንድ ዋንጫ የሚጠጣ ነው። እሷ ጠራች፣ እኔ ጻፍኩ። ሰውየው የቀረ እንዳለ ሲጠይቅ፣ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ኋላ ወደ ቆመችው እናቴ ዞር አለች።

"ባዩሽን ሥራ ላይ ማን ይደርስባታል" አለች። "ማኅበር ግን የለችበትም። አብረን በልተን አናውቅም፤ ምን ብዬ ላስመዝግባት?"

"ድስቷን አስመዝግቢላት እትዬ፤ እሱ እንኳ ከሁላችን ቤት በልቷል" አለ አንዱ ጎረምሳ።

ሰዉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እስክሪብቶው በእጄ፣ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር ነበር። ማንም እጄን አልያዘኝም።

አስካለ ማኅበር የሚለው ቃል ተምታቶባት ነው የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ሰውየው በሌላ ቀን መጥቶ ሲያስረዳት ግን፣ አንዴ ተፈርሞበታል ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ደቦው የማኅበሩ ሆነ፤ የሚዞረውም በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነው። እናቴ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ልማዷ ገጀራዋን ይዛ የሁሉንም ማሳ መነጠረች፤ የእኛ ተራ ግን ሳይደርስ ቀረ። የራሳችንን ማሳ እኔና እሷ ከዳር ጀምረን መሃል ስንደርስ፣ ዳሩ ተመልሶ በቅሎ ይጠብቀናል። በሦስተኛው ዓመት ቡናው ከአረሙ አልለይ ሲል ትተነው ሚዛን ገባን። ማኅበሩም አልቆየ፤ ችግኙ ተከፋፍሎ ሲያልቅ ሰዉ ተበተነ። ዛሬ እዚያ መንደር አረሙን የሚያርመው ቅጥር ሠራተኛ ነው ይላሉ፤ ዜማውን የሚያወጣም የሚቀበልም የለም።

ሚዛን በገባን ሰሞን እናቴ ጭቃዋን እያቦካች፣ ቀና ሳትል፣ ስሟ ስንት ፊደል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"ሦስት" አልኳት።

"ሦስት ብቻ?" አለችና ጭቃው ላይ ውሃ ጨመረች።